ከካዛንቺስ እስከ ገላን ጉራ፦ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ የአካባቢን አየር ንብረት እንዴት ይለውጣል?

በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ነባሩ የካዛንቺስ ሰፈር ለኮሪደር ልማት ሲነሣ የተለወጠው የአንድ ሰፈር ገጽታ ብቻ አልነበረም። የጭቃ ቤቶች፣ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ጠባብ መተላለፊያዎችና የግቢ ዛፎች በነበሩበት ስፍራ ሰፋፊ መንገዶች፣ የእግረኛና የብስክሌት ንጣፎች፣ የሣር መስኮችና የሕንፃ ቦታዎች ተተክተዋል። ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ በከተማዋ ደቡብ ዳርቻ ወደሚገኘው ገላን ጉራ እና ወደ ሌሎች የዳር አካባቢዎች ተዛውረዋል። በዚህም ምክንያት በአንድ ውሳኔ ሁለት መሬት ተለውጧል፤ አንዱ በመሐል ከተማ፣ ሌላው ቀድሞ እርሻና ግጦሽ በነበረው ዳርቻ።

መሬት አገልግሎቱን ሲለውጥ ፀሐይ በላዩ ላይ የምትሠራው ሥራ፣ ዝናብ በላዩ ላይ የሚሄድበት መንገድም አብሮ ይለወጣል። ይህ ጽሑፍ ለውጡ በሰፈር፣ በከተማና በክልል ደረጃ እንዴት እንደሚከሰት፣ የትኛው ውጤት በእርግጠኝነት እንደሚታወቅና የትኛው ጥንቃቄ እንደሚሻ፣ እንዲሁም የከተማው ነዋሪም ሆነ አርሶ አደሩ ምን ማድረግ እንደሚችል ያብራራል።

የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ምንድን ነው?

የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ማለት አንድ መሬት ሲሰጥ ከነበረው አገልግሎት ወደ ሌላ አገልግሎት መዛወሩ ነው። ደን ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን፣ ግጦሽ ታርሶ የጤፍ ማሳ ሲሆን፣ ማሳ የመኖሪያ መንደር ሲሆን፣ ረግረግ ተጠንፍፎ መንገድ ሲሠራበት፣ ወይም በተቃራኒው የተራቆተ ተራራ ተከልሎ በደን ሲሸፈን ሁሉም የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። የአየር ጠባይ የዛሬና የነገ ዝናብ፣ ሙቀትና ነፋስ ነው። የአየር ንብረት ግን የአንድ አካባቢ የአየር ጠባይ በረጅም ዓመታት አማካይ ሲታይ የሚገኘው ባሕርይ ሲሆን፣ በሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው መለኪያ 30 ዓመት ነው። ስለዚህ አንድ ክረምት ዝናብ ስለቀረ ወይም አንድ ሚያዝያ ስለሞቀ ብቻ የአየር ንብረት ተለወጠ አይባልም።

የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ጉባኤ በነሐሴ 2011 ዓ.ም ስለ መሬት ባወጣው ልዩ ሪፖርት፣ በበረዶ ካልተሸፈነው የዓለም የብስ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው በቀጥታ በሰው አጠቃቀም ሥር መውደቁን ገልጿል። ሰዎች ወደ ከባቢ አየር ከሚለቋቸው ሙቀት አማቂ ጋዞች 23 በመቶ የሚሆነውም ከግብርና፣ ከደንና ከሌሎች የመሬት አጠቃቀሞች የሚመነጭ መሆኑን ሪፖርቱ ያስረዳል። ይህ ጋዝ የሚያመጣው ሙቀት ግን ለዓለም ሁሉ የጋራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ከዚያ በተጨማሪ ያለው፣ መሬቱ በተለወጠበት በዚያው አካባቢ የሚደርሰው ለውጥ ነው።

የካዛንቺስ መሬት ያለፈባቸው ዘመናት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር ከእንጦጦ ግርጌ የተዘረጋ የመስክና የምንጭ ምድር ነበረች። የፍልውኃ ምንጮች ለከተማዋ መቆርቆር አንዱ ምክንያት ነበሩ። ሕዝብ ሲበዛ በዙሪያው የነበረው የሀገር በቀል ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፈጨፈ። የእንጨት እጥረቱ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ ዝርያው የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት በማደጉ ከተማዋ በነበረችበት እንድትቀጥል ረዳ። ስለዚህ የአዲስ አበባ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ታሪክ ነው፤ ከጥድና ከወይራ ወደ ባዶ ኮረብታ፣ ከባዶ ኮረብታ ወደ ባሕር ዛፍ።

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ድርጅት አሕጽሮተ ስም ነው። ያኔ የተሠሩት ቤቶች ግቢና ዛፍ የነበራቸው ዝቅተኛ ቤቶች ነበሩ። ከነፃነት በኋላ በዙሪያው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና የአፍሪካ አዳራሽ ተሠሩ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ከተዛወረ በኋላ አካባቢው በቀበሌ ቤቶች እየተጨናነቀ ሄደ፤ ግቢዎች በተጨማሪ ክፍሎች ተሞሉ፤ ባዶ አፈር እየጠበበ መጣ። ቀጥሎ ሆቴሎችና ፎቆች መጡ። በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማትም በ2017 ዓ.ም ካዛንቺስ ደረሰ።

ከዚህ እንደምንረዳው የፈረሰው ሰፈር ራሱ ደን አልነበረም። ብዙው ቦታ አስቀድሞ በቆርቆሮ የተሸፈነ ነበር። ሊጠየቅ የሚገባው አዲሱ ገጽታ ከቀድሞው ይልቅ ፀሐይንና ዝናብን እንዴት ይቀበላል የሚለው ነው።

መሬት ሙቀትን የሚያስተዳድርባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ነጸብራቅ ነው። አዲስ አስፋልት ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን የሚመልሰው ወደ 5 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ነው፤ ቀሪውን ይውጠዋል። አረንጓዴ ሣር ከ20 እስከ 25 በመቶ ይመልሳል። ነጣ ያለ አዲስ ኮንክሪት ከዚያም በላይ ሊመልስ ይችላል።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው መንገድ ትነት ነው። ደን ከሣር ይልቅ ጠቆር ያለ በመሆኑ ብዙ ብርሃን ይውጣል፤ ይሁን እንጂ ከአስፋልት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀዝቃዛ ነው። ምክንያቱ ዛፍ በሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ በኩል ሲያተን የፀሐይን ኃይል ለዚያ ሥራ ስለሚያውለው ነው። አንድ ሊትር ውኃ ለማትነን ወደ 0.68 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ ዛፍ በቀን 100 ሊትር ቢያተን 68 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ተጠቀመ ማለት ነው። ይህ 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ 19 ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ሲሠራ ከሚፈጀው ኃይል ጋር እኩል ነው። ዛፉ ተቆርጦ ቦታው በንጣፍ ሲሸፈን ያ ኃይል አይጠፋም፤ አስፋልቱን፣ ግድግዳውንና አየሩን ወደማሞቅ ይዞራል።

ሦስተኛው መንገድ ሙቀትን አከማችቶ ማቆየት ነው። ኮንክሪት፣ ድንጋይና አስፋልት ቀን የጠጡትን ሙቀት ማታ ቀስ ብለው ይለቃሉ። ፎቆች ተጠጋግተው ሲሠሩ ደግሞ ከመንገዱ የሚነሣው ሙቀት ወደ ሰማይ በነፃነት እንዳይወጣ ግድግዳዎቹ መልሰው ይይዙታል፤ ነፋስም ይቀንሳል። የመኪና ሞተርና ጀነሬተር የሚለቁት ሙቀት በዚህ ላይ ይጨመራል።

እነዚህ ሲደመሩ ከተማ ከዙሪያው ገጠር የበለጠ እንዲሞቅ ያደርጋሉ። ባለሙያዎች ይህን «የከተማ ሙቀት ደሴት» ይሉታል። ክስተቱን መጀመሪያ በልኬት ያሳየው ከ200 ዓመት በፊት የለንደንን የአየር ንብረት ያጠናው እንግሊዛዊው ሉክ ሃዋርድ ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በእኩለ ቀን ሳይሆን በሌሊት ነው፤ ገጠሩ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ከተማው ይዘገያል።

በአዲስ አበባ ሁኔታ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የከፍታ ጉዳይ ነው። የአየር ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አቃቂ ሜዳ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,000 ሜትር ገደማ በመሆኑ እንጦጦ ከአቃቂ በ6 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ልዩነቱን ሁሉ ለደን መስጠት ስሕተት ይሆናል። ሁለተኛው የወቅት ጉዳይ ነው። በበጋ መጨረሻ ሰብሉ የተሰበሰበበት ደረቅና ባዶ ማሳ እርጥበት ስለሌለው በቀን ከከተማው መሐል እኩል ወይም የበለጠ ሊግል ይችላል። ስለዚህ «ገጠር ሁልጊዜ ቀዝቃዛ፣ ከተማ ሁልጊዜ ሙቅ» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። ወሳኙ ነገር መሬቱ የሚያተነው ውኃና የሚያተን ቅጠል አለው ወይ የሚለው ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ጉዲና ለገሠ ፈይሳ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአዲስ አበባ ፓርኮች ላይ ያሳተሙት ጥናትም ፓርኮች ከዙሪያቸው እንደሚቀዘቅዙ፣ የቅዝቃዜው መጠንም በዛፎቹ ጥላ ስፋት፣ በዝርያቸው እንዲሁም በፓርኩ ስፋትና ቅርጽ እንደሚወሰን አሳይቷል። ሌላው ዐቢይ ነጥብ የቅዝቃዜው በጎ ውጤት ከፓርኩ ወሰን ብዙም የማይርቅ መሆኑ ነው። በእንጦጦ ያለ ደን ለካዛንቺስ መንገደኛ ጥላ አይሆንም፤ ዛፉ ሰው በሚኖርበትና በሚሄድበት ስፍራ መኖር አለበት።

ዝናብ ሲወርድ፦ ከመስረግ ወደ መፍሰስ

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደውም በክረምት ወራት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ200 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ ሲወርድ 8,000 ሊትር፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲወርድ ደግሞ 40 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል።

መሐንዲሶች የጎርፍ ማፋሰሻ ሲነድፉ በሚጠቀሙበት ስሌት መሠረት ከጣሪያና ከአስፋልት ላይ ከሚወርደው ዝናብ ከ70 እስከ 95 በመቶ የሚሆነው ይፈስሳል። በሣር ከተሸፈነ አፈር የሚፈስሰው እንደ አፈሩ ዓይነትና እንደ ተዳፋቱ ከ5 እስከ 35 በመቶ ነው። ከላይ የተጠቀሰው አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 90 በመቶውን ካፈሰሰ 36 ሚሊዮን ሊትር፣ 30 በመቶውን ካፈሰሰ 12 ሚሊዮን ሊትር ጎርፍ ያመነጫል። በመካከላቸው ያለው 24 ሚሊዮን ሊትር 20 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢጫን 1,200 ቦቴ ይሞላል።

ይህ ውኃ የትም አይቀርም። በካዛንቺስና በቂርቆስ ዙሪያ የሚያልፉት እንደ ግንፍሌ፣ ቀበናና ባንትይቀጡ ያሉ ወንዞች ከእንጦጦ በኩል ወርደው ውኃቸውን ለትልቁ አቃቂ ያቀብላሉ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በመሐል ከተማ ሊሰርግ ያልቻለው ዝናብ ቆሻሻና ደለል ይዞ በፍጥነት ሲወርድ የሚጎዳው በወንዝ ዳር የሚኖረውን ሰው ብቻ ሳይሆን በአቃቂ ዳርቻ አትክልት የሚያለማውን አርሶ አደርም ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ኃይል ለማመንጨት የዋለው የአባ ሳሙኤል ግድብ በደለል መጎዳቱም ከላይኛው ተፋሰስ ይዞታ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

በተቃራኒው የሰረገው ውኃ ይመለሳል። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች በተጨማሪ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ውኃ ታገኛለች። ዝናብ ወደ አፈር የሚገባበት መንገድ በየሰፈሩ ሲዘጋ ክረምት ጎርፍ፣ በጋ የጉድጓድ መጉደል ይሆናል።

የኮሪደር ልማቱ በዚህ ረገድ ሁለት ገጽታ አለው። የጎርፍ ማፋሰሻ መሠራቱ፣ ለዛፍና ለሣር ቦታ መለየቱና የወንዝ ዳርቻዎች መጽዳታቸው ቀድሞ በቆርቆሮ ለተሸፈነው ሰፈር ጥቅም ነው። ነገር ግን በአረንጓዴነት የሚታይ ሁሉ እኩል ሥራ አይሠራም። በቀጭን አፈር ላይ የተነጠፈ ሣር በበጋ ካልተጠጣ ይደርቃል፤ ጥላም የለውም። ግንዱ ዙሪያውን በንጣፍ የታፈነ ችግኝ ሥር ሊሰድ አይችልም። ሰፊ የድንጋይ ንጣፍ ዛፍ ካልተጠለለበት ቀን ሙቀት፣ ክረምት ጎርፍ ይጨምራል። ውጤቱ የሚለካው ዛፎቹ ከአሥር ዓመት በኋላ በሚሰጡት ጥላና ክፍት ሆኖ በተተወው አፈር ስፋት ነው።

ዳርቻው፦ ማሳ መንደር ሲሆን

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተካሄደው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ እንደ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ያሉ የጤፍና የስንዴ ማሳ የነበሩ አካባቢዎች ወደ መንደርነት ተለውጠዋል። ገላን ጉራም በዚሁ በዳርቻው መስፋት ውስጥ የሚታይ ነው። የመሐል ከተማ ነዋሪ ወደ ዳር ሲሄድ የሚያስፈልገው መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያና የመኪና ጉዞም አብሮ ይሄዳል።

በአቃቂ ዙሪያ የሚበዛው መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች በስንጥቁ ውስጥ ይውጣል፤ ከረጠበ በኋላ ግን ያብጥና ውኃ ማስረግ ያቆማል። ማሳ ሳለ ሰብሉ እርጥበቱን ተጠቅሞ በመስከረምና በጥቅምት ያተነዋል። መንደር ሲሆን ይህ የማትነን ሥራ ይቆማል። ለአርሶ አደሩ የሚጠፋው የእርሻ መሬቱ ነው፤ ለአካባቢው የሚጠፋው ደግሞ ውኃ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ይመልስ የነበረው ሜዳ ነው።

በክልል ደረጃ፦ ዛፍ ዝናብ ያመጣልን?

አርሶ አደሮች አዘውትረው የሚያነሡት ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ «አዎን፣ ነገር ግን» የሚል ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል የክረምት ዝናብ የሚመጣው ከአትላንቲክና ከኮንጎ ተፋሰስ አቅጣጫ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ እንዲሁም ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን በኩል ከሚጓዝ እርጥበት ነው። እርጥበቱ በጉዞው ላይ ዘንቦ፣ ከደንና ከማሳ ተንኖ፣ እንደገና ይዘንባል። በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ብራዚላዊው ተመራማሪ ኤኔያስ ሳላቲ የአማዞን ደን ከሚያገኘው ዝናብ ግማሽ ያህሉ በደኑ ራሱ ትነት የሚታደስ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ሰፊ ደን ሲጠፋ ከነፋሱ አቅጣጫ በታች ያለ ሌላ አካባቢ ዝናብ ሊጎድልበት ይችላል።

ይሁን እንጂ የአንድ ቀበሌ ደን ለዚያው ቀበሌ ዝናብ ይጠራል ማለት አይደለም። በ1975 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሜሪካዊው ጁል ቻርኒ የሳህል ድርቅ የመጣው ግጦሽ መሬቱን በማራቆቱና የመሬቱ ነጸብራቅ በመጨመሩ ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ዋናው ምክንያት የውቅያኖሶች የገጽ ሙቀት መለዋወጥ መሆኑን፣ የመሬት መራቆት ደግሞ ድርቁን ያባባሰ መሆኑን አሳይተዋል። ለእኛም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ኤልኒኖን በችግኝ አንከላከልም፤ የወረደው ዝናብ በመሬታችን ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ግን እንወስናለን።

በአማራ ክልል ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በደቡብ ጎንደር በማሳ የተከበቡት የቤተ ክርስቲያን ደኖች፣ እንደ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት ያጠኗቸው፣ ከዙሪያቸው ሜዳ የቀዘቀዘና የረጠበ አየር አላቸው፤ ቀድሞ የነበረው ደን ምን ይመስል እንደነበርም ምስክር ናቸው። በአዊ ፋግታ ለኮማ አርሶ አደሮች በአሲዳማነት የተዳከመ ማሳቸውን ለከሰል በሚውለው አካሺያ ደከረንስ ሸፍነው ገቢ አግኝተዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዛፉን ያጠቃው በሽታ ግን አንድ ዝርያ ብቻ መትከል ያለውን አደጋ አስተምሯል።

ምን ይደረግ?

የከተማ ነዋሪ ግቢውን ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ከመለሰን ይልቅ ከዛፍ ሥርና ከአጥር ጥግ ክፍት አፈር ሊተው ይችላል። የጣሪያ ውኃን በሮቶ ማጠራቀም ጎርፍን ይቀንሳል፤ ለበጋ የችግኝ ውኃም ያተርፋል። ነጣ ያለ የጣሪያ ቀለም ሙቀት ይቀንሳል።

ለመንገድና ለሰፈር ዲዛይን ኃላፊነት ያለባቸው ተቋማት ነባር ትላልቅ ዛፎችን ከግንባታ በፊት ለይተው ቢጠብቁ፣ ውኃ የሚያሳልፍ ንጣፍ ቢጠቀሙና ለዛፍ ሥር በቂ አፈር ቢመድቡ ጥቅሙ ዘላቂ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት የቆመ ዛፍ የሚሠራውን ሥራ ችግኝ በአንድ ክረምት አይተካውም። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብርም ሙሉ ውጤት የሚሰጠው የተተከለው ጸድቆ ሲያድግ ነው።

አርሶ አደር ከአጨዳ በኋላ ገለባውንና ቃርሚያውን በሙሉ ከማንሣት ወይም ከማቃጠል ይልቅ ከፊሉን በማሳው ላይ ቢተው አፈሩ በበጋ ከመጋል ይድናል፤ እርጥበትም ይይዛል። እርከንና የተፋሰስ ሥራ ዝናቡን በቦታው ያስቀራሉ። በማሳ ድንበር ዋንዛ፣ ብሳናና ግራር መትከል ጥላና ለምነት ይሰጣል። ባሕር ዛፍ ገቢ ቢያስገኝም ከምንጭና ከእርጥብ መሬት መራቅ አለበት።

ካዛንቺስ የተነሣችው በከተማ ውሳኔ ቢሆንም የውኃዋ መጨረሻ አቃቂ፣ የነዋሪዋ መድረሻ የአርሶ አደር ዳርቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰፈር ዕቅድ ሲጸድቅ ከሕንፃው ከፍታና ከመንገዱ ስፋት ጋር አብረው ሊጠየቁ የሚገባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ ምን ያህል አፈር ክፍት ይቀራል? ከዚህ የሚነሣው ሰውስ በማን ማሳ ላይ ያርፋል?